ገንዘቡ ከማን፣ ክርክሩ ስለምን? በኒውክሌር ዲፕሎማሲ ላይ ስላለው የውጭ ተጽዕኖ በጅማ የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎችና የጅማ ከተማ ነዋሪዎች፤ አካም ጅርቱ፣ እንደምን ዋላችሁ።

እንድናገርበት የተጋበዝሁበት ጉዳይ በኒውክሌር ዲፕሎማሲ ላይ በሚደረጉ ክርክሮች ውስጥ የውጭ መንግሥታት፣ የእነርሱ ተቀጣሪዎችና ሌሎች አግባቢዎች (ሎቢስቶች) የሚያሳድሩት ተጽዕኖ ነው። ስለ ቴህራንና ስለ ዋሽንግተን ጅማ ላይ ተሰብስቦ መነጋገር «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚያሰኝ የሚመስላችሁ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም። ይሁን እንጂ የዚህ አካባቢ ሰው፣ ሩቅ አገር በተከፈለበት አንደበት የሚወሰን ነገር ቤቱ ድረስ እንደሚመጣ ከማንም በላይ ያውቃል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ ነጥቡ ተለይቶ እንዲቀርብ ያስገድዳል። ደንቡ ሲረቀቅም ሆነ በ2024 መጨረሻ ተፈጻሚነቱ ሲራዘም ብራስልስ ውስጥ የገዢ ኩባንያዎች፣ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶችና የየመንግሥታቱ አግባቢዎች ሲመላለሱ ከርመዋል፤ ማሳው የሚለካበት የጎማና የማና ወረዳዎች ገበሬ ግን በዚያ ደጅ አልነበረም። ዓመተ ምሕረቶችን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጠቅስ በዚሁ ላሳውቅ፤ በእኛ አቆጣጠር የምጠቅሳቸው ሁለት አዋጆች ሲመጡ እናገራለሁ።

ወደ ኒውክሌሩ ስንመጣም ጉዳዩ እንግዳችን አይደለም። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በተቋቋመበት በ1957 አባል ሆናለች። በ2017 እና በ2018 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ነበረች። ሰሜን ኮርያ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2017 ስድስተኛውን የኒውክሌር ሙከራ ስታደርግ የወሩ ሊቀ መንበርነት የተያዘው በእኛው በአምባሳደር ተቀዳ ዓለሙ ነበር፤ ከስምንት ቀን በኋላ ውሳኔ ቁጥር 2375 በሙሉ ድምፅ ሲጸድቅም ስብሰባውን የመራችው ኢትዮጵያ ናት። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ዲፕሎማት ከየአቅጣጫው የሚቀርብለትን ሰነድ፣ ምክርና ማባበያ የሚያጣራበት የራሱ ዓይን ያስፈልገዋል። በመጨረሻም ሴፕቴምበር 25 ቀን 2025 አገራችን ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ፈርማለች። ስለዚህ ስለ ሌሎች የምናወራው ነገ በራሳችን ላይ ስለሚመጣው ነው።

የምለው ፍሬ ነገር ይህ ነው። በእንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ የሚናገር ሁሉ ገንዘቡን ከማን እንደሚያገኝ በግልጽ መታወቅ አለበት፤ ከታወቀ በኋላ ግን የተናገረው ነገር በራሱ ሚዛን መመዘን አለበት። ሁለቱን የምናደባልቅ ከሆነ ወይ በድብቅ በተገዛ አንደበት እንታለላለን፣ ወይ ደግሞ «የባዕድ ተላላኪ» በሚል ስም እውነተኛውን ተናጋሪ አፍ እናስይዛለን። የመጀመሪያውን አደጋ ሁሉም ያወራለታል። ሁለተኛውን የሚያወራለት ጥቂት ስለሆነ ዛሬ ትንሽ ላደላለት እወዳለሁ።

ነገሩን ለማየት ከ2015 የተሻለ ዓመት አላገኘሁም። ጁላይ 14 ቀን 2015 ኢራን በአንድ ወገን፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ሩሲያና ቻይና ከአውሮፓ ኅብረት ጋር በሌላ ወገን ሆነው ቪየና ላይ የኒውክሌር ስምምነት ደረሱ። ስምምነቱ የቁጥር ስምምነት ነበር። ኢራን ዩራኒየም የምታበለጽግበት፣ ማለትም ለነዳጅ ወይም ለቦምብ የሚሆነውን ክፍሉን የምታበዛበት፣ ደረጃ ከ3.67 በመቶ፣ በእጅዋ የሚቆየው የበለጸገ ዩራኒየም ክምችትም ከ300 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ለ15 ዓመታት ተገደበ። ወደ 19 ሺህ ይጠጉ የነበሩት ሴንትሪፊዩጅ የተባሉ የማበልጸጊያ ማሽኖች ለ10 ዓመታት ወደ 6,104 እንዲወርዱ፣ ከእነዚህም 5,060ዎቹ ብቻ እንዲያበለጽጉ ተወሰነ። በምላሹ ማዕቀብ ይነሣል፤ የኤጀንሲው ተቆጣጣሪዎችም ይገባሉ። በዚህ ላይ ሐቀኛ ክርክር ማድረግ ይቻል ነበር። ገደቦቹ ጊዜያቸው ሲያልቅ ምን ይሆናል? ሚሳይሎቹ ለምን አልተካተቱም? የሚለቀቀው ገንዘብ የት ይሄዳል? እነዚህ የተቃዋሚዎቹ ጥያቄዎች መልስ የሚገባቸው ጥያቄዎች ነበሩ። ደጋፊዎቹም ቢሆኑ፣ ስምምነቱ ቢቀር ኢራንን የሚያግዳት ምን ሌላ መንገድ አለ ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነበር።

ዋሽንግተን ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ስምምነቱ ገና ሳይቋጭ ማርች 3 ቀን የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ፣ በአፈ ጉባኤው በጆን ቤይነር ጋባዥነት፣ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ፖሊሲ በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቆመው ተቃወሙ። ከ50 በላይ ዴሞክራት እንደራሴዎችም ስብሰባውን ትተው ቀሩ። ስድስት ቀን ቆይቶ 47 ሪፐብሊካን ሴናተሮች ለኢራን መሪዎች በቀጥታ ደብዳቤ ጻፉ፤ ፕሬዚዳንቱ ብቻውን የፈረመውን ቀጣዩ ፕሬዚዳንት በብዕር ጭረት ሊሰርዘው ይችላል የሚል። ኮንግረሱ ስምምነቱን የሚመረምርበት ሕግ በሴኔቱ 98 ለ1 በሆነ ድምፅ አልፎ ነበርና፣ ሰነዱ ከቀረበ በኋላ ለምርመራው የ60 ቀን ጊዜ ተሰጠ። ያ የአሜሪካ በጋ የአግባቢዎች መኸር ሆነ። አይፓክ በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀው፣ እስራኤልን የሚደግፉ አሜሪካውያን ማኅበር፣ ስምምነቱን የሚቃወም አንድ አዲስ ድርጅት አቋቁሞ ለማስታወቂያ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማውጣት ማቀዱ በወቅቱ ተዘግቧል። በሌላው ወገን ደግሞ ጄ ስትሪት የተባለው፣ እርሱም የአሜሪካ አይሁዶች ድርጅት የሆነው፣ ስምምነቱን ደግፎ ተሰለፈ። ፕላውሼርስ ፈንድ የተባለው በጎ አድራጊ ተቋምም ስምምነቱን ለሚደግፉ ቡድኖችና ባለሙያዎች ገንዘብ ሰጠ፤ ናሽናል ፐብሊክ ሬዲዮ የተባለው ጣቢያ እንኳ ከዚሁ ፈንድ 100 ሺህ ዶላር መቀበሉ በቀጣዩ ዓመት መነጋገሪያ ሆኗል። ሴፕቴምበር 10 ቀን ተቃዋሚዎቹ በሴኔቱ 58 ድምፅ አገኙ። ክርክሩን ዘግቶ ወደ ውሳኔ ለመሄድ 60 ያስፈልግ ስለነበር ተቃውሞው እዚያው ቆመ።

እዚህ ላይ ልብ የምትሉልኝ ነገር አለ። አሁን ከጠቀስኋቸው ሁሉ የውጭ መንግሥትን ወክሎ በይፋ የተናገረ ኔታንያሁ ብቻ ነው፤ እርሱም በሙሉ ስሙና በሙሉ ሥልጣኑ፣ ካሜራ ፊት። የቀሩት አሜሪካውያን ናቸው። ሆኖም በዚያ በጋ ተቃዋሚው የእስራኤል ተላላኪ፣ ደጋፊው የኢራን አፈ ቀላጤ ሲባል ሰነበተ። ከ3.67 በመቶ በላይ የማበልጸግ ነገር ወደ ጎን ቀርቶ የማን ልጅ የማን ወዳጅ ነው የሚለው ሐተታ ዓምዱን ሞላው።

የአሜሪካ ሕግ ይህን ጉዳይ እንዴት እንደሚይዘው በቅርብ ብናየው ይጠቅመናል። በ1938 የናዚ ፕሮፓጋንዳን ለመከላከል የወጣው የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ ውትወታን አይከለክልም፤ ማስመዝገብን ግን ያስገድዳል። ለውጭ መንግሥት ወይም ፓርቲ ትእዛዝ ወይም ጥያቄ የሚሠራ ሰው ሥራውን በተስማማ በ10 ቀን ውስጥ በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ መመዝገብ፣ በየስድስት ወሩም ዝርዝር ማቅረብ አለበት። ሰነዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ማናችሁም በእጃችሁ ባለው ስልክ ከፍታችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። ውሉ ከነፊርማው ይገኛል። የወር ክፍያው ይገኛል። ከዚያ ደረቅ ሠንጠረዥ ይከተላል፦ በዚህ ቀን፣ ለዚህ ሴናተር ረዳት፣ በስልክ፣ ወይም በኢሜይል፣ ወይም በአካል፣ ስለዚህ ጉዳይ። ለምሳሌ ግብፅ በኖቬምበር 2020 ብራውንስታይን የተባለውን የሎቢ ድርጅት በወር 65 ሺህ ዶላር ቀጥራለች፤ ይህ በእኛ የዓባይ ድርድር በተፋፋመበት ወቅት መሆኑ ነው። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያም የራሷን ድርጅቶች ቀጥራለች፤ የእኛም ውል እዚያው መዝገብ ላይ ይነበባል። የራሳችንን መንግሥት ወጪ ከባዕድ አገር መዝገብ ማንበባችን ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ከምንም ይሻላል።

ሕጉ ክፍተት አለበት። በገዛ ገንዘባቸው ተደራጅተው በራሳቸው ፈቃድ የሚሟገቱ ዜጎችን አያካትትም፤ አይፓክ በዚህ ሕግ ያልተመዘገበው፣ ጄ ስትሪትም ያልተመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ክፍተት ብዙዎች ያወግዙታል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ቤታችን ልመለስ። ኤፕሪል 10 ቀን 2018 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀውን ውሳኔ ቁጥር 128 ሲያጸድቅ፣ ከጀርባው የነበሩት በየከተማቸው ለየእንደራሴያቸው የደወሉ፣ የጻፉና ደጅ የጠኑ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ልብ እዚህ ጅማ፣ ወለጋ ወይም ጎንደር ስላለ የባዕድ ወኪሎች ናቸው ቢባል እንቆጣ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አይሁድ ስለ እስራኤል፣ አንድ ኢራን የተወለደ አሜሪካዊም ስለ ኢራን ሲናገር የሚገባቸው ፍርድ ይኸው ነው። በተለይም አይሁዶችን በጅምላ ለሌላ አገር የሚያድሩ አድርጎ መፈረጅ በአውሮፓ ምን እንዳስከተለ የምናውቀው ስለሆነ፣ በዚህ ርእስ ላይ የሚናገር ሁሉ ምላሱን ሊገራ ይገባል። አንድን ድርጅት በስሙ ጠርቶ በሥራው መተቸት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ የማንም መብት ነው።

ችግሩ ያለው የሚታየው ውስጥ ሳይሆን የማይታየው ውስጥ ነው። በጃንዋሪ 2021 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ አንድ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁርን፣ ገለልተኛ ባለሙያ መስሎ ስለ ኢራን ሲጽፍና ሲናገር ለዓመታት ከኢራን የተባበሩት መንግሥታት ሚሲዮን ክፍያ ይቀበል ነበር ብሎ ከሰሰው። ሰውየው ክሱን አልተቀበለም፤ በሴፕቴምበር 2023 በተደረገው የእስረኞች ልውውጥ ነገሩ ፍርድ ሳያገኝ ተዘጋ። ስለዚህ ጥፋተኛ ነው ማለት አልችልም። ክሱ የተመሠረተበት ነጥብ ግን ግልጽ ነው፤ ወንጀል የተባለው ኢራንን መደገፉ ሳይሆን አንባቢው ማወቅ የሚገባውን ክፍያ ደብቋል መባሉ ነው። በተቃራኒው ጎራ ደግሞ ሙጃሂዲን ኸልቅ የተባለውን የኢራን ተቃዋሚ ቡድን ተመልከቱ። ከ1997 እስከ ሴፕቴምበር 2012 በአሜሪካ የአሸባሪዎች መዝገብ ላይ ነበር። ሆኖም በየጉባኤው ላይ የቀድሞ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ረብጣ ዶላር እየተከፈላቸው ያወድሱት ነበር። ጆን ቦልተን በ2017 ባደረጉት አንድ ንግግር 40 ሺህ ዶላር እንዳገኙ ራሳቸው ባቀረቡት የሀብት ማስታወቂያ ላይ ሰፍሯል። በኤፕሪል 2018 የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ሆኑ፤ ሜይ 8 ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ አሜሪካን ከስምምነቱ አስወጡ። አንዱ ሌላውን አመጣው እያልኩ አይደለም፤ ቦልተን ሳይከፈላቸውም ለብዙ ዓመታት ያንኑ ይሉ ነበር። ግን መታወቁ ጥሩ ነው።

ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይገባል፤ «እንግዲያው የተከፈለበት ወሬ ሁሉ ውሸት ነው?» ብሎ። አይደለም። በኦገስት 2002 የዚሁ የሙጃሂዲን ኸልቅ የፖለቲካ ክንፍ ዋሽንግተን ላይ መግለጫ ሰጥቶ ናታንዝና አራክ የተባሉ ሁለት የኒውክሌር ሥፍራዎች መኖራቸውን አጋለጠ። ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ ቴህራን ያለውን መንግሥት መጣል ይፈልጋል። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2003 የኤጀንሲው ዋና ዳይሬክተር ራሳቸው ናታንዝ ድረስ ሄደው ሥፍራውን አይተዋል። በዚያው ዓመት ከጎረቤት አገር ከኢራቅ የወጡ ተቃዋሚዎች ደግሞ ሳዳም የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አለው እያሉ ምስክር አቅርበው ነበር። ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነው የሚል ሰነድም ይዞር ነበር። ማርች 7 ቀን 2003 እኚሁ የኤጀንሲው ዋና ዳይሬክተር፣ ግብፃዊው መሐመድ ኤልባራዳይ፣ ለጸጥታው ምክር ቤት ሰነዱ እውነተኛ አለመሆኑን ተናገሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ ተጀመረ። በሁለቱም ጊዜ ተናጋሪው የራሱ ጥቅም ያለው ስደተኛ ተቃዋሚ ነበር፤ አንዱ ልክ ሆነ፣ ሌላው አገር አፈረሰ። ሁለቱን የለያቸው የተናጋሪው ማንነት አልነበረም፤ ሥፍራው ላይ ሄዶ ያየ ወይም ወረቀቱን ገልጦ የመረመረ ባለሙያ ነው። በሂርማታ ገበያ ደላላ ስለ በሬው የሚናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ግን ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል ካወቀ በኋላ የበሬውን ጥርስ ራሱ ከፍቶ ያያል።

አሁን ወደዚያ ብዙ ወደማይወራለት አደጋ ልሂድ። በ1982 በአሜሪካ የኒውክሌር መሣሪያ ግንባታ ባለበት ይቁም የሚል ንቅናቄ ተነሥቶ ነበር። ጁን 12 ቀን ኒው ዮርክ ላይ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ወጣ። በመከር ወራት ፕሬዚዳንት ሬገን ንቅናቄውን የሚገፋፉ የውጭ ወኪሎች አሉበት ሲሉ ተናገሩ። ሶቪየት ኅብረት በእርግጥ ንቅናቄውን ለመጠቀም ትሞክር ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የራሱን ማጣሪያ አድርጎ በ1983 ይፋ በሆነው ዘገባው ሶቪየቶች ንቅናቄውን እንደማይመሩትና እንደማይቆጣጠሩት ገለጸ። የውጭ እጅ መኖሩና የውጭ እጅ መምራቱ እንግዲህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗን፣ ሰፈሯንና ልጆቿን አስባ የወጣች እናት፣ ሞስኮ የመውጣቷን ዜና ስለወደደችው ብቻ የሞስኮ ወኪል አትሆንም።

በዚህ ነገር እኛ ከማንም የምንማረው የለም፤ የገዛ ተሞክሯችን ይበቃናል። አሁን በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው። የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝን ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በዴሞክራሲና በመሰል ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የተሰጠው ምክንያት የውጭ ተጽዕኖን መግታት ነበር። ውጤቱን የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ፤ የመብት ድርጅቶች ቅርንጫፎቻቸውን ዘጉ፣ ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ፣ የቀሩትም ስለ ውኃ ጉድጓድና ስለ ትምህርት ቤት ጣሪያ ብቻ እንዲያወሩ ተገደዱ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ገደብ አነሣ። የውጭ ተጽዕኖው በእነዚያ አሥር ዓመታት ቀነሰ ወይ? የውጭ መንግሥታት ብድር፣ ውልና አማካሪ በበሩ ሲገባ ነበር። የቀረው ጠያቂው ነው። ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ልመለስና፣ ሩሲያም በ2012 የራሷን የውጭ ወኪሎች ሕግ ስታወጣ የአሜሪካውን ሕግ ምሳሌ አድርጌ ነው ብላለች፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ሕጉ የምርጫ ታዛቢዎችን፣ ጋዜጠኞችንና የታሪክ አጥኚዎችን መቅጫ ሆነ። ብሪታንያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ የምዝገባ ሥርዓት ዘርግታ ኢራንንና ሩሲያን ጠበቅ ባለው ምድብ አስገብታለች፤ ያ ሥርዓት የትኛውን መንገድ እንደሚከተል ገና የምናየው ነው።

የኢራኑ ስምምነት መጨረሻ ምን ሆነ ለሚል በአጭሩ ልናገር። አሜሪካ ከወጣች በኋላ ኢራን ከ2019 ጀምሮ ገደቦቹን አንድ በአንድ ጣሰች፤ በ2021 ወደ 60 በመቶ ማበልጸግ ገባች። ጁን 13 ቀን 2025 እስራኤል ጥቃት ጀመረች፤ ጁን 22 ቀን አሜሪካ ፎርዶ፣ ናታንዝና ኢስፋሃን የተባሉትን የኢራን የኒውክሌር ሥፍራዎች ደበደበች። ኤጀንሲው በጥቃቱ ዋዜማ የገመተው የ60 በመቶ ክምችት 440.9 ኪሎ ግራም ነበር። በሴፕቴምበር መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ተመለሰ። ከሦስት መቶ ኪሎ የ3.67 በመቶ ክምችት ተነሥተን እዚህ ደረስን። በ2015 በጋ ለማስታወቂያ ከወጣው ሚሊዮን ዶላር ውስጥ ምን ያህሉ ስለ እነዚህ ቁጥሮች ሰውን ለማስተማር ዋለ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ የሚያስደስት አይመስለኝም።

አሁን ወደ አፍሪካ ልመለስ፤ ለእኛ የሚቀርበው ይኸኛው ነውና። አህጉራችን በፔሊንዳባ ስምምነት ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ ቀጠና ሆናለች፤ ስምምነቱ በ1996 ካይሮ ላይ ለፊርማ ክፍት ሆኖ በጁላይ 2009 ጸንቷል። ስለዚህ እኛ ደጅ የሚመጣው አግባቢ የቦምብ ሳይሆን የማመንጫ ጣቢያ አግባቢ ነው። በዚህ ረገድ የደቡብ አፍሪካን ያህል የሚያስተምር ታሪክ የለም። በሴፕቴምበር 2014 መንግሥቷ 9,600 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ጣቢያዎችን ለመገንባት ታስቦ ከሩሲያ ጋር ስምምነት ፈረመ። በዲሴምበር 2015 የገንዘብ ሚኒስትሩ ንላንላ ኔኔ ተባረሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የመንግሥት ሙስናን በመረመረው በዞንዶ ኮሚሽን ፊት ቀርበው የተባረሩት ለዚህ የኒውክሌር ዕቅድ አልፈርምም ስላሉ መሆኑን መሰከሩ። ጉዳዩን ፍርድ ቤት የወሰዱት ሁለት ድርጅቶች ናቸው፤ አንዱ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር፣ ሌላው የሃይማኖት ተቋማት የአካባቢ ጥበቃ ኅብረት። ኤፕሪል 26 ቀን 2017 የዌስተርን ኬፕ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስምምነቱ በሕገ መንግሥቱ የተደነገገውን የፓርላማ ማጽደቂያ መንገድ አልተከተለም ብሎ ሻረው። ዳኛው ለአደጋ ተጠያቂነቱ በደቡብ አፍሪካ ላይ መጣሉንና የተሰጠውን የግብር ጥቅም አንሥቶ፣ እንዲህ ያለ ውል ተራ የቢሮ ሰነድ ሊባል እንደማይችል አስረዳ።

ከዚህ ፍርድ እኔን የሚገርመኝ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣው ክፍል ነው። ፍርድ ቤቱ የሩሲያውን ብቻ አልሻረም፤ ቀደም ብለው ከአሜሪካና ከደቡብ ኮርያ ጋር የተደረጉትንም የኒውክሌር ስምምነቶች በሥርዓት ጉድለት ውድቅ አድርጓቸዋል። ከሳሾቹ የምዕራብ ተላላኪ ናቸው የሚለው ስሞታ በዚያ አንቀጽ አፉን ያዘ። የትኛው ኃያል መንግሥት ይሻለናል የሚለው ጥያቄ እዚያ ችሎት አልተነሣም። የተነሣው ሰነዱ ለእንደራሴዎች በአግባቡ ቀርቧል ወይስ አልቀረበም የሚለው ነው።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 የሕግ አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያጸድቃቸው ይደነግጋል። የኒውክሌር ጣቢያ ስምምነት ወደዚያ ሲመራ ሁለት ዓይነት ድምፅ እንደሚነሣ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። አንዱ የሚጠይቀውን ሁሉ የዓባይ ጠላት፣ የካይሮ ወይም የምዕራብ ቅጥረኛ ይለዋል። ሌላው የሚደግፈውን ሁሉ የሞስኮ ሰው ያደርገዋል። ሩሲያ ሄዶ የኒውክሌር ምህንድስና ተምሮ የተመለሰ ልጃችን ስለ ሬአክተሩ ሲያስረዳ ነጻ ትምህርቱን ማን እንደከፈለለት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ማቀዝቀዣው ውኃና ስለ ያገለገለ ነዳጅ አያያዝ የሚለውን በሙሉ ጆሮ እንስማው፤ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ ብዙ የለንምና። በአውሮፓ ገንዘብ የሚደገፍ የአካባቢ ተሟጋችም ለጋሹን ይናገር፤ ከዚያ የብድሩን ወለድ ሲጠይቅ «ማን ልኮህ ነው» ሳይሆን የወለዱ መጠን ይነገረው። ግብፅ ለኤል ዳባ ጣቢያ ከወጪው 85 በመቶ የሚሸፍን 25 ቢሊዮን ዶላር ከሩሲያ ተበድራለች፤ በእኛስ ውል የብድሩ ድርሻ፣ የመክፈያው ዘመን፣ የነዳጁ አቅራቢ፣ ያገለገለው ነዳጅ የሚመለስበት ቦታ፣ አደጋ ቢደርስ የሚክሰው ወገን ማነው? ከጊቤ ግድቦች በተገኘ መብራት ማታ ማታ የምታጠኑ የፊዚክስ፣ የሕግና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይህን ለመጠየቅ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ኃይልና ስለ ውጭ ጉዳይ የሚያጠኑ መምህራን ጥናታቸውን፣ ጉዟቸውንና ሥልጠናቸውን የከፈለውን ወገን በጽሑፋቸው መጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲያሰፍሩ ይጠይቁ። እኔም ዛሬ ለዚህ ንግግር ከማንም መንግሥትም ሆነ ኩባንያ የተቀበልሁት ክፍያ እንደሌለ በዚሁ ላስመዝግብ። መንግሥት በውጭ አገር የሚቀጥራቸውን የሎቢ ድርጅቶች ስም፣ ክፍያና የሥራ ዝርዝር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጭምር በአገር ቤት ያሳትም። ስምምነቱ ወደ ምክር ቤት በሚመራበት ዕለት ደግሞ አባሪዎቹና የብድር ውሉ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ፣ ከዚህ ዞን የተመረጡ እንደራሴዎች በስማቸው ተነሥተው ይጠይቁልን።

ስለ ሰማችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ከኋላ ወንበር ጀምራችሁ ልታቀርቡ ትችላላችሁ።